አዳማ ላይ የባሕር ውሃ አኳሪየም ላላችሁ፦ ይህን ልጅ ጥሩት

ምስጋናዬ ባለበት ይድረሰው። እዚሁ አዳማ የባሕር ውሃ አኳሪየም የሚንከባከብ፣ ሥራውን አውቆ የሚሠራ ወጣት አለ። ኮራላችሁ (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው ባለቀለሙ የባሕር እንስሳ) ቡናማ ሆኖ ከቀረ ሌላ ቦታ አትንከራተቱ።

ከእሱ በፊት ቡናማ የሆነብኝን ኮራል ሊያዩ የመጡት፣ ስም አልጠራም፣ ውሃውን ሳይለኩ ነው የሚያዙት። አንዱ «ቀለም የሚያወጣ» ጠብታ ሸጦ ሄደ። ሌላው መብራቱን ባንዴ መቶ በመቶ ለቀቀው፤ ኮራሉ ነጣ። ሌላው ደግሞ የፎስፌት (እንደ ናይትሬት ሁሉ አልጌን የሚመግብ ንጥረ ነገር) ማስወገጃውን እጥፍ አደረገው፤ የተረፈውም ገረጣ። ገንዘቡስ ይሁን፣ ሕይወት ያለው ነገር በግምት ሲጎዳ ግን ያንገበግባል።

ይህ ልጅ ከቦርሳው መጀመሪያ ያወጣው ቲዲኤስ መለኪያ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ምን ያህል እንዳለ የሚያሳይ። ከአርኦ ማጣሪያው (የቧንቧ ውሃን ለገንዳው ከሚያጠራው) በሚወጣው ውሃ ውስጥ ነከረው፤ 0 ማለት ሲገባው 38 አለ። «ጋሼ፣ ምንም መድኃኒት አይግዙ፤ ሬዚኑ አልቋል» አለኝ፤ የማጣሪያው መጨረሻ ላይ ሆኖ የቀረውን የሟሟ ነገር የሚይዘው ማለቱ ነው። ሬዚኑን ቀይሮ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ። መሸጥ ሲችል አይግዙ ያለ ባለሙያ እግዜር ይስጠው!

ከዚያ ገንዳውን ለካ፦ ናይትሬት 40፣ ፎስፌት 0.28። እነዚህ ሲበዙ በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖረው አልጌ (በብርሃን ምግብ የሚሠራ ደቃቅ ሕያው ነገር) ይረባና የኮራሉን ቀለም በቡናማ ይሸፍነዋል። ጨርሶ ዜሮ ሲሆኑ ደግሞ ኮራሉ ተርቦ ይገረጣል። ስለዚህ ናይትሬቱን ከ5 እስከ 10፣ ፎስፌቱን ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ነው ያነጣጠረው፤ ቀስ ብሎ። ማስወገጃውን ማሸጊያው ላይ ካለው መጠን በግማሽ ጀመረ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ እየተለካ። የበረዶ ምግቡ ሲቀልጥ የሚወጣው ውሃ እንዲደፋ፣ በሳምንት 10 በመቶ ውሃ እንዲቀየር አዘዘ። አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ በዲኬኤች የሚለካው) 8 ዲኬኤች ላይ ይቁም አለ፤ መዋዠቁ ከቁጥሩ በላይ ይጎዳልና።

መብራቱን ወደ 40 በመቶ አወረደው፣ ሰማያዊው ከነጩ በልጦ። ጭማሪው በሳምንት 5 በመቶ ብቻ፤ ጫፉ ከገረጣ ወዲያው ማቆም። ለአዳማ ሙቀት ደግሞ ውሃው ላይ የሚነፍስ ፋን አስሮ 26 ዲግሪ ላይ ያዘው። በፋኑ የሚተነውን በአርኦ ውሃ መተካት ነው እንጂ ጨው ያለበት መጨመር ስህተት ነው፤ ጨው አይተንምና። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚነሳ ባለባትሪ የአየር ፓምፕም አስገጠመ።

ቀለም በሳምንት አይመጣም፣ ወራት ይፈልጋል። አሁን የአክሮፖራው (ቅርንጫፋሙ ኮራሌ) ጫፍ አረንጓዴ ነው፤ ቅርንጫፉ ላይ ፖሊፖቹ (የኮራሉ ጥቃቅን አፎች) ተዘርግተው ይታያሉ።

አደራ፣ ይህን ልጅ ሥራ አታሳጡት። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስትደውሉለት የገንዳውን ሊትር፣ የመብራቱን ዓይነትና ሬዚኑ መቼ እንደተቀየረ ይዛችሁ ጠብቁት።