የኋላ ፍሬን ሸራ፦ ጋራዥ ወይስ ግቢ ውስጥ?

በቸርችል ጎዳና ከፒያሳ ቁልቁል የሚነዳ ሰው የፍሬንን ዋጋ ያውቃል። የኋላ ሸራ ሲያልቅ ታዲያ ምርጫው ሁለት ነው።

ጋራዥ ይቀላል። ሸራው ውስጡን እየገፋ ጎማውን የሚያቆመው ክብ ብረት፣ ታምቡሩ፣ ከተበላ መካኒኩ ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ይልከዋል። ግን አጠገቡ ቁሙ። እኔ አንዴ ትቼ ሄጄ አንዱ ጎን ብቻ ተቀይሮ ጠበቀኝ፤ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ወደ ጎን ትስብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግቢዬን እመርጣለሁ። ግማሽ ቀን ይበላል፤ ሸራውን መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ መግዛትም አለ። ቦታው ሜዳ ይሁን። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፤ አለዚያ ታምቡሩ አይወጣም። ክሪክ ብቻውን አይታመንም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይግባበት። ሁለቱንም ጎን ባንዴ አትፍቱ! የሞላዎቹ አቀማመጥ ግራ ያጋባል፤ ያልተፈታውን ጎን እያያችሁ ትገጥማላችሁ። አቧራውን እፍ አትበሉት፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ታምቡሩ ሲከፈት ውስጡ በፍሬን ዘይት ከራሰ ግን እዚያው አቁሙና መካኒክ ጥሩ።