ለሳቢያኑ የከብት ሐኪም ምስጋና (ድሬ ውስጥ ላም ያላችሁ አንብቡት)

ሳቢያን ውስጥ ሦስት የፈረንጅ ላሞች አሉኝ። የልጆቼ ትምህርት ቤትም የቤቱ አስቤዛም ከእነሱ ወተት ነው። ባለፈው ነሐሴ አንዷ መብላት አቆመች። ንፍፊቷ አበጠ፤ ከዚያ አንገቷና ጎኗ ላይ ሎሚ ሎሚ የሚያህል እባጭ ወጣባት። ወተቷ ከግማሽ በታች ወረደ።

መጀመሪያ የጠራሁት ሰው በአንድ መርፌ ሦስቱንም ወግቶ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ይሄኛውን ዶክተር ጎረቤቴ ናት የጠቆመችኝ።

ሙቀቷን ለካ፤ 41 ዲግሪ። "እናቴ፣ አልዋሽዎትም" አለኝ። "ይሄ ላምፒ ስኪን የሚባል የከብት የቆዳ በሽታ ነው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። እኔ የማክመው ትኩሳቷንና ቁስሏን ነው።" ያመንኩት ያኔ ነው። ውድ መርፌ ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ!

ላሟን ለብቻዋ አሰረልኝ። በየሦስት ቀኑ እየመጣ ቁስሏን አጠበ። ለስንት ቀን ወተቷን መሸጥ እንደሌለብኝም ቆጥሮ ነገረኝ። በሽታው በመርፌም ሊተላለፍ እንደሚችል ሲነግረኝ አንጀቴ ተቃጠለ። "ሌሎቹን አንድ ወር በደንብ ይከታተሏቸው" አለኝ። እንዴት ያለ ወር ነበር!

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከላሟ ቀጥሎ ያየው በርሜሎቼን ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከበረቱ ጎን አራት በርሜል ሞልቼ፣ ክዳን ሳላደርግ አስቀምጫለሁ። በስልኩ መብራት የቢምቢ እጭ አሳየኝ። በሽታውን ከላም ላም የሚያደርሱት ነካሽ ነፍሳት ናቸው። ዝንብም አለበት፣ መዥገርም አለበት። በ2006 በደንጊ፣ በ2011 በቺኩንጉንያ ያስተኛችን ያቺ ቀን ቀን የምትነክስ ቢምቢም ልታደርሰው ትችላለች። ላምፒ ስኪን ሰው አይዝም፤ እኔ ግን በርሜሉን የከደንኩት ለልጆቼም ብዬ ነው። የቤቱን ደጅ ሳይቀር የሚያይ የከብት ሐኪም ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ላሟ ድናለች። ጠባሳው አለ፣ ወተቷም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ግን ቆማ ትበላለች። ሁለቱ ምንም አልሆኑም። ክትባቱ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። ዘንድሮ ዝናብ ሳይገባ አስከትቤያለሁ፤ ዶክተሩ ለእያንዳንዷ አዲስ መርፌ አውጥቶ ነው የወጋልኝ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ዶክተር፣ ይሄን ካየኸው እግዜር ይስጥልኝ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ።