ጎማ ማንበብ ላስተማሩኝ የሳሪስ ጎሚስታ

ሳሪስ አቦ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ጎሚስታ አሉ። ምስጋና አለብኝና እዚህ ልክፈል። ስማቸውንና ስልካቸውን አልለጥፍም። ልለጥፍ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «ጎማ የፈነዳበት ሰው ሳይጠሩት ይመጣል» ብለው ሳቁብኝ።

መኪናዬ በፈረንጅ የ1982 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ሲንግል ጋቢና፣ ናፍጣ፣ በኋላ እግሯ ብቻ የምትሄድ። ከአባቴ ነው የወረስኳት። ለሠርግ አጀብ አትሆንም። ከቢሾፍቱ እንቁላልና የዶሮ መኖ ግን ታመላልሳለች፤ የቤታችን እንጀራ እሷ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ጎማዎቿ ራሰ በራ ሆነው ነበር ያሳለፍነው። ዝናብ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ሳትሆን ልቤ ነበር የሚቆመው።

እንደምንም ብር አጠራቀምኩና አንድ ሱቅ ገብቼ ሁለት ጎማ ገዛሁ። ርካሽ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሻጩ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ እየነካ «ይኸው 18 ይላል፣ የዘንድሮ ምርት ነው» አለኝ። ዘንድሮ 2018 አይደል? አመንኩት። ጎማዎቹን ጭኜ ለማስገጠም ብቻ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ።

ጋሼ (እንዲህ ነው የምጠራቸው) ጎማውን ተቀብለው አላስገቡትም። መሬት ላይ አስተኙትና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ና እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። 2618 ይላል። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ ቀጥሎ ያሉት ዓመቱ። ቻይና ደግሞ በኛ አቆጣጠር ጎማ አይሠራም ልጄ።» ለካ 26ኛው ሳምንት፣ 2018 በፈረንጅ ነው። በኛ ሰኔ 2010! «አዲስ» ብዬ የገዛሁት ጎማ ከሰባት ዓመት በላይ መጋዘን ተኝቷል። በአውራ ጣታቸው ጎኑን ገፋ ሲያደርጉት በጥርሶቹ መሃል እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ብቅ አሉ። እኔ ደግሞ የማየው ማብረቅረቁን ነበር።

በዚህ አላበቃም። «ምን ትጭናለህ?» አሉኝ። መኖ ስገዛ እስከ አስር ኩንታል ድረስ አልኳቸው። ጎማው 185/70 አር 14 ነው፣ ከጎኑ 88 ይላል። ይህ 88 ክብደት የሚነግር ቁጥር ነው፤ አንዱ ጎማ 560 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የኋላዎቹ ሁለቱ ተደምረው 1120 ኪሎ። አስር ኩንታሉ ብቻ 1000 ኪሎ ነው፣ አብዛኛው የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው፤ የመኪናዋ የራሷ ክብደትም አለ። «ይሄ የቤት አውቶሞቢል ጎማ ነው። ላንቺ አይሆንም አይደል?» አሉ፣ መኪናዋን መታ መታ እያደረጉ።

የሚሆናት 185 አር 14 ሲ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ሲ የጭነት መሆኑን ትናገራለች። ባለ 8 ፕላዩ (ፕላይ የጎማው የጥንካሬ ደረጃ ነው) 102 ይላል፣ ይህም 850 ኪሎ ነው። ስሙ ሲጠራ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ይመስላል፣ እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ደስ የሚለው ደግሞ በ14 ኢንች ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) የሚሄዱ የድሮ ሚኒባስ ታክሲዎች የሚያደርጉት ጎማ ነው። ቶሎ ቶሎ ስለሚሸጥ መጋዘን ውስጥ አያረጅም፣ ዋጋውም አይሰቀልም። የጃፓኑን ልግዛ ወይ ስላቸው «ላንተ ሥራ የቻይናው ይበቃል፣ የተረፈህን ብር አላይመንት፣ የእግሮቿን አቅጣጫ ማስተካከያ፣ አሠራበት» አሉ። እሳቸው ጎማ አይሸጡም። ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው፣ ረዳታቸውን አስከትለው ላኩኝ።

የመጀመሪያው ሻጭ ብዙ ተከራክሮ፣ ከብሩም ቆርጦ መለሰልኝ። ይሁን። አራቱን አዲስ ጎማ የገዛሁት፣ ሌላ ሱቅ ለሦስት በጠየቀኝ ዋጋ ነው። ቁጥሩን ራሴ አነበብኩ፤ 3525። ነሐሴ 2017 መሆኑ ነው። የጋሼ ረዳት ፊት በኩራት ቆምኩ።

አገጣጠሙን ቆሜ አየሁ። ጋሼ አሮጌውን አውልቀው ቸርኬውን በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት። የአርባ ዓመት ዝገት እንደ በርበሬ ረገፈ። እኔ ከመነዳሪ (ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ጎማ) ይግባበት ብዬ ነበር፤ ቸርኬው ዝጎ ንፋስ ሲያስወጣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አልተስማሙም። «ዝገቱን ሸፍነህ ነው የምትሄደው። ውስጥ ለውስጥ ይፈትገዋል።» ጠርዙን አለስልሰው፣ ቫልቮላውን ቀይረው፣ ንፋስ ሞልተው የሳሙና ውሃ ቀቡት። ሦስቱ ጸጥ አሉ። አራተኛው ላይ አረፋ ብቅ አለ። ጠጋ ብለው ሲያዩት ቸርኬው ተሰንጥቋል። ብየዳ አሉኝ ብዬ ስጠብቅ «ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ የሚሸጥበት፣ ሂድና ያገለገለ ግን ያልተበየደ አምጣ» አሉ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ትንሽም ተነጫነጭኩ። አሁን ሳስበው ያ ስንጥቅ የቃሊቲን መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሶበታል!

ንፋሱን በፒኤስአይ ፊት 30፣ ኋላ ባዶዋን 35፣ ስጭን 50 አድርግ ብለውኛል። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) አሮጌ ስለሆነ እሱን አድርጌ ከ60 በላይ እንዳልነዳም አስምለውኛል።

እንከን አላቸው ወይ? አዎ። የባላንስና የአላይመንት ማሽን የላቸውም፣ ለዚያ ሌላ ቦታ ይልካሉ። ወሬም ይወዳሉ፤ የቸኮለ ሰው ይከብደዋል። ሰኞ ጠዋት ባትሄዱ ይሻላል፣ ሰልፉ መንገድ ይደርሳል። ቦታውን ለማወቅ ደጃፉ ላይ የተደገፈ ትልቅ የትራክተር ጎማ ፈልጉ፤ ላዩ ላይ ሁሌም ድመት ተኝታለች።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መጀመሪያ ሲሠሩልኝ «መቶ ኪሎ ሜትር ሳትሞላ ተመለስ፣ ቡሎኑ ይላላል» ብለውኝ ነበር። ከቢሾፍቱ ደርሼ ስመለስ ጎራ አልኩ። ሳልናገር ቁልፉን አንስተው እያንዳንዱን ቡሎን በመስቀለኛ እያዞሩ አጠበቁ። ሁለቱ ሩብ ዙር ገቡ። ሂሳብ ስላቸው ወደ ኋላ ዞረው በሸራው ስር የተደረደረውን አዩ።

«እንቁላሉ ተሰበረ?»

«አንድም አልተሰበረም ጋሼ።»

ስድስት ፍሬ ብቻ ተቀብለውኝ ወደሚቀጥለው መኪና ሄዱ።