ስቴፕ ባይብል ወይስ ባይብል ሐብ?

ሁለቱም በነጻ የሚገኙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሰበታ ወይም ለገጣፎ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በጥልቀት ለሚያጠና ሰው ግን ልዩነታቸው ከኔትወርኩ ይጀምራል። ባይብል ሐብ ድረ ገጽ ነው፤ ከቁጥር ወደ ቁጥር ስትሄዱ አዲስ ገጽ ስለሚከፍት መስመሩ ሲቆራረጥ ጥናቱም አብሮ ይቆራረጣል። የካምብሪጁ የመጽሐፍ ቅዱስ ምርምር ተቋም ቲንዴል ሃውስ ያዘጋጀው ስቴፕ ባይብል ግን ኮምፒውተር ላይ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መሀል ከተማ ስትገቡ ዋይፋይ ካለበት አውርዱት።

ዮሐንስ 21፥15–17ን እንውሰድ። አማርኛው ሦስቱንም ጊዜ «ትወደኛለህን?» ይላል። ስቴፕ ላይ ግሪኩን ከፍታችሁ ቃሉን ስትጫኑ ጌታ ሁለት ጊዜ «አጋፓኦ»፣ በሦስተኛው «ፊሌኦ» የሚለውን ግስ እንደተጠቀመ ታያላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩልና በልዩነቱ ላይ ሙሉ ስብከት ያቆማል። ቆይ! ቃሉ የሚገኝባቸውን ጥቅሶች በሙሉ አውጡ። አብ ወልድን እንደሚወድ ሲናገር ይኸው ወንጌል በ3፥35 አንዱን፣ በ5፥20 ሌላውን ግስ ይጠቀማል። ስለዚህ የቃሉ መለያየት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ባይብል ሐብ የሚበልጠው ብዙ ትርጉሞችንና ማብራሪያዎችን ጎን ለጎን በመደርደሩ ነው። አብዛኞቹ ማብራሪያዎች ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያ በፊት የተጻፉ ስለሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉ ዋሻዎች የተገኙትን ጥንታዊ ጽሑፎች፣ የሙት ባሕር ጥቅልሎችን፣ አያውቁም። ለኢሳይያስ ጥናት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ የአይሁድ ሊቃውንት ካቆዩት የዕብራይስጥ ጽሑፍ፣ ከማሶሬቱ ቅጂዎች፣ በሺህ ዓመት ገደማ የሚቀድመው የኢሳይያስ ጥቅልል የተገኘው ከነዚሁ ዋሻዎች ነውና።