ላስቲክ የገባበት ዛብ፦ ለፈረሱ አፍ ምን ያህል ይጠቅማል?

ከልጓሙ ቀለበት አጠገብ በግራና በቀኝ የመዳፍ ስፋት ያህል ላስቲክ የተሰፋበትን የቆዳ ዛብ (ከልጓሙ እስከ ጋላቢው እጅ የሚዘረጋውን ማሰሪያ) በዘመድ እጅ ከአውሮፓ አስመጥቼ፣ ሱሉልታ አካባቢ በምጋልባቸው ፈረሶች ላይ ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ሻጮቹ ላስቲኩ የጋላቢውን እጅ ንዝረት ስለሚውጠው የፈረሱ አፍ እንደማይጎዳ ይናገራሉ። ነገሩ በግማሹ እውነት ነው፤ በቀረው ግማሽ ላይ ግን ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባዋል።

ልጓሙ የሚያርፈው በምላሱ ላይ እና በፊት ጥርሶችና በመንጋጋ ጥርሶች መካከል በሚገኘው ጥርስ አልባ ክፍተት ላይ ነው። በዚህ ክፍተት አጥንቱን የሚሸፍነው ሥጋ እጅግ ስስ በመሆኑ፣ ለጋላቢው ቀላል የሚመስለው ስበት ለፈረሱ ቀላል አይደለም። በዚህ ላይ ፈረስ ሲራመድ ጭንቅላቱ በእያንዳንዱ ሙሉ እርምጃ ሁለት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቀንቃል፤ ስለዚህ እጁን አደንድኖ የያዘ ሰው ባይስብም እንኳ ዛቡ በየነቅነቁ ይወጠራል። በሶምሶማም ውጥረቱ በአንድ ሙሉ እርምጃ ሁለት ጊዜ ከፍ ይላል፤ በግልቢያ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ፈረሱ አፉን ሲከፍት፣ ጭንቅላቱን ሲወረውር፣ ጥርሱን ሲያፋጭ፣ ጭራውን ያለ ዝንብ ሲያወናጭፍ ወይም አገጩን ወደ ደረቱ አጥፎ ከልጓሙ ሲሸሽ፣ ብዙ ጊዜ «አመለኛ ነው» ይባልና ዛቡ ይባስ ይጠብቃል።

ዛቡን ከመጫኔ በፊት ከግንድ ላይ አስሬ በባለ ስፕሪንግ የእጅ ሚዛን ሳብኩት። አንድ ኪሎ ያህል ሲያሳይ ላስቲኩ ሁለት ጣት ገደማ ተለጠጠ፤ ከመርካቶ የገዛሁት ተራ የቆዳ ዛብ ግን በዚያው ኃይል ንቅንቅ አላለም። ድንገተኛ ምንጨቃ ስሞክር ደግሞ የሚዛኑ መርፌ በተራው ዛብ ላይ ዘሎ ሲወጣ፣ በባለ ላስቲኩ ላይ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ጀማሪ ተቀምጦበት ወደ ሶምሶማ ሲገባ ጭንቅላቱን በሚወረውር አንድ ዳማ ፈረስ ላይ ስንጭነውም ውርወራው በግልጽ ቀነሰ። ሻጮቹ የሚመኩበት ጥቅም በዚህ በኩል አለ።

ችግሩ የታየው ሲቆም ነው። ያው ዳማ ፈረስ በተራ ዛብ ወዲያው ይቆም የነበረው፣ በዚህኛው ተጨማሪ እርምጃዎችን እየተራመደና ልጓሙን በአፉ እየተጫነ ነበር የሚቆመው። ቀድሞ ነገር ፈረስ የሚማረው ከስበቱ ሳይሆን ስበቱ ከሚቀርበት ቅጽበት ነው፤ ሲታዘዝ አፉ ወዲያው ካልቀለለለት መታዘዙ ምን እንዳስገኘለት አያውቅም። ላስቲክ ደግሞ የውጥረቱን ጫፍ እንደሚያለሰልስ ሁሉ ውጥረቱ የሚለቅበትንም ቅጽበት ይሞላዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከልጓም እስከ ኮርቻው የሆድ ማሰሪያ የሚታሰሩ ዛቦችን በሶምሶማ ለክቶ፣ ላስቲክ የሌለው ዛብ ከፍተኛው ውጥረቱ ከሁሉም የላቀ፣ ዝቅተኛው ውጥረቱም ከሁሉም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ በጣም በሚለጠጠው ዛብ ላይ ግን ዝቅተኛው ውጥረት ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህም ማለት አፉ ላይ የሚያርፈው ጫና አይመታም፣ ነገር ግን ሙሉ በሙሉም አይለቅም ማለት ነው።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት የፈረሱን ፍላጎት በቀጥታ የሚጠይቅ ነው። ልጓም ያልለመዱ ወጣት ፈረሶች ከታሰረ ዛብ ጋር እየታገሉ ወደ ምግብ እንዲዘረጉ ሲተዉ፣ በመጀመሪያው ቀን 10 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ያህል ውጥረት ተቋቋሙ፤ በሚቀጥሉት ቀናት ግን ወደ 6 ኒውተን ገደማ ዝቅ አደረጉት። ምግብ ፊታቸው እያለ እንኳ ውጥረቱን ሸሹት ማለት ነው።

በረቱን የሚጠብቁት አዛውንት ባልደራስ ዛቡን በእጃቸው ሁለቴ ለጥጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ሲሰማህ ልቀቅለት እንጂ፤ ይሄማ አንተ ብትለቅም እሱ አይለቅም» አሉኝ። ጥናቱን ሳያነቡ ከዚያው ደረሱ።

ስለ ሥራው ጥራት፣ ቆዳው ወፍራምና ስፌቱ ድርብ ስለሆነ ቅሬታ የለኝም። ርዝመቱ ግን የተሠራው ከእኛ ፈረሶች ለሚበልጡ ፈረሶች በመሆኑ፣ ትርፉ ከእርካብ ጋር እንዳይጠላለፍ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ ማስቆረጥና ማሰፋት ነበረብኝ። ላስቲኩም ለደጋው ፀሐይ አይመችም፤ ጥላ ውስጥ ካልተሰቀለ ጠርዙ ላይ መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ ሲበጠስ ደግሞ ፈረሰኛው አንድ ዛብ ብቻ ይዞ ይቀራል። ዋጋው ከአገር ውስጡ የቆዳ ዛብ ብዙ እጥፍ ነው።

ዛቡን ገና ሚዛኑን ያልያዘ ሰው በእርጋታ ሜዳ ሲዞርና አጠገቡ የሚያስተምረው ሰው ሲኖር እመክረዋለሁ። ወጣት ፈረስ ለማስተማር ግን አልመክረውም፤ ተራው ቆዳና ለመልቀቅ የፈጠነ እጅ ይበልጣሉ። የታችኛውን መንጋጋ በቀለበት በሚከብበው የገጠሩ ልጓም ላይ ማሰርም ትርፍ የለውም፤ ያ ልጓም ትንሽዋን ስበት ራሱ ያበዛታል። አንዳንዶች ላስቲኩን ጭነው አሁንም አፉ ሲከፈት የአፍንጫ ማሰሪያውን ያጠብቃሉ፤ ከማሰሪያው ሥር በአፍንጫው አጥንት ላይ ሁለት ጣት የማይገባ ከሆነ ግን ፈረሱ አልተረጋጋም፣ አቤቱታውን የሚያሰማበት አፍ ነው የተዘጋበት። ለመግዛት የወሰነ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሁለቱን ላስቲኮች ጎን ለጎን ለጥጦ እኩል መሳባቸውን ይመልከት፤ አንዱ ከሌላው የላላ ከሆነ ፈረሱ ቀጥ ብሎ እየሄደ በአንድ ጎኑ ብቻ ይሳባልና ይመልሰው።