ባለ ሦስት እግሩ ስፒና

ዱባይ አራት ዓመት የሕንፃ ኤሌክትሪሽያን ነበርኩ። አሁን አዲስ አበባ የሰው ቤት መስመር እዘረጋለሁ። ስፒና ሳልነካ የምውልበት ቀን የለም። ምረጥ ብትሉኝ ያንን ከበድ ያለ ባለ ሦስት እግር የእንግሊዝ ስፒና እመርጣለሁ።

ላይኛውን እግር እዩት። የኧርዝ ነው፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው መስመር፤ ከሁለቱ በ5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሲሰካ ቀድሞ ይገባና ሶኬቱ ውስጥ ያሉትን መከለያዎች ይከፍታል። ሕፃን ታች ባሉት ቀዳዳዎች የፀጉር መያዣ ልክተት ቢል መከለያው ያግደዋል። የሁለቱ እግሮች ግማሽ ደግሞ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። ስፒናው በከፊል ወጥቶ ጣት ቢነካው አይነዝርም።

ውስጡ ፊውዝ አለ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1947 ይህን ሲያወጡ ከጦርነቱ ገና መውጣታቸው ነበር፤ መዳብ መቆጠብ ነበረባቸው። ብዙ ሶኬት ዞሮ ወደ መነሻው በሚመለስ አንድ የ30 አምፔር የቀለበት መስመር ላይ አሰሩ። ቀጭን የመብራት ገመድ ግን 30 አምፔር አይችልም፤ ዋናው ፊውዝ ሳይቆርጥ ገመዱ ይነድዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስፒና የራሱን ፊውዝ ያዘ፤ ለመብራት 3፣ ለካውያ 13።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የሽቦው ርዝመት ነው። በደንብ በታሰረ ስፒና ውስጥ የኧርዙ ሽቦ ረዘም ይላል። ሰው ገመዱን በኃይል ቢጎትት ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ፣ ቀድሞ ይበጠሳል፣ ኧርዙ መጨረሻ ይቀራል። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ሰው እንደሚሳሳት ያውቁ ነበር።

የጀርመኑም ጎበዝ ነው። ሶኬቱ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ እግሮቹ ኤሌክትሪኩን ሲነኩ ጣት አይደርስባቸውም፤ ከጎን ያሉት የኧርዝ ብረቶችም ቀድመው ይነካሉ። 16 አምፔር ይችላል። ጉድለቱ ተገልብጦም መግባቱ ነው፤ ፌዙ በየትኛው እግር እንደሆነ አይታወቅም። የአሜሪካው ግን አያሳምነኝም። ጠፍጣፋ እግሮቹ ሲላሉ ባዶ ብረት ይታያል። 120 ቮልት መሆኑ ትንሽ ያቀለዋል።

ዱባይ የሠራተኛ ማደሪያ ውስጥ መከለያውን በእስክሪብቶ ከፍተው ባለ ሁለት እግር ቻርጀር ሲሰኩ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ እስክሪብቶ ይፈርሳል። እኛ አገር ደግሞ አዳፕተሩ አለ። ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ካውያ ሁለት ክብ እግር ብቻ ባለው ርካሽ አዳፕተር ይሰካል። ኧርዙ እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ካውያዬ ይነዝረኛል ብለው ጠሩኝ። አዳፕተሩን ነቀልኩ። እንደዚያም ሆኖ ልቤ አላረፈም፣ የግድግዳውን ሶኬት ፈታሁት። የጀርመን ዓይነት ነው፤ የኧርዝ ብረቶቹ ያብረቀርቃሉ። ከኋላቸው ግን አንድም ሽቦ አልታሰረም። ያ ቤት ሲሠራ ሰው ገንዘብ ተቀብሎበታል፤ በጣም አናደደኝ።

ግቢው ውስጥ የኧርዝ ዘንግ ቀበርኩ፣ እስከ ሶኬቱ ሽቦ ሳብኩ፣ ለካኹት። ከዚያ የካውያውን ስፒና ቆርጬ የጀርመኑን አሰርኩላቸው፤ የኧርዙን ሽቦ ረዘም አድርጌ።