ከአንድ ጋን ሀያ ዋንጫ፦ ለየኔታ ምስጋና፣ ለተመራቂዎች ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ጎንደር ውስጥ የማስተርስ ጽሑፋቸውን ይዘው ስታትስቲክሱ ላይ ለተገተሩ ሰዎች ነው። እኔ እዚያው ላይ አራት ወር ተገትሬ ነበር።

ሙያዬ አዋላጅነት ነው። ጽሑፌ እናቶችን ከጤና ተቋም የሚያርቃቸው ምን እንደሆነ የሚመረምር ሲሆን፣ መረጃውን የወሰድሁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ከተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ነው። በ645 የቆጠራ ቦታዎች፣ ማለትም ለሕዝብ ቆጠራ በተከፋፈሉ ትንንሽ አካባቢዎች፣ 15,683 ሴቶች ተጠይቀውበታል። ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት መካከል በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ አዲስ አበባ ላይ 97፣ አፋር ላይ 15 ነው። አማካሪዬ ይህን አይተው «ባለብዙ እርከን ሪግሬሽን ተጠቀሚ» አሉኝ። እሺ አልሁ። ሪግሬሽን አንድ ውጤት ከየትኞቹ ነገሮች ጋር እንደሚያያዝ የሚለካ ስሌት መሆኑን አውቃለሁ፤ «ባለብዙ እርከን» ምን ማለት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር፤ መጠየቁን ደግሞ አፈርሁ።

ስለዚህ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ከፍዬ አሠራሁ። የሠራልኝ ሰው ስሙ ይቅር። በሦስት ቀን ውስጥ አራት ሞዴሎች የተደረደሩበት ያማረ ሠንጠረዥ አስረከበኝ፦ ምንም ማብራሪያ ያልገባበት ባዶው ሞዴል፣ የእናቲቱ ሁኔታ ብቻ ያለበት፣ የአካባቢዋ ሁኔታ ብቻ ያለበት፣ ሁለቱም የገቡበት። ለክፍል ጓደኞቼ በልምምድ ሳቀርበው አንዱ «ይህቺ 3.29 ከየት መጣች?» አለኝ። «ሶፍትዌሩ ነው የሰጠኝ» አልሁ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

የኔታን የጠቆመችኝ ጽሑፌን የምታትምልኝ የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ናት። ፒያሳ አካባቢ፣ ከሱቆች ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ይዘው የሚያስተምሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ ተማሪዎቻቸው ሁሉ በምንጠራቸው እጠራቸዋለሁ። ፊደል እንደሚያስቆጥሩ የቤተ ክህነት መምህር ካልገባሽ ወደፊት አያሳልፉም፤ ስሙ የወጣላቸውም ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሬን ልከፍት ስል «ዝጊው ልጄ» አሉኝ። «ለጥምቀት ሀያ ዋንጫ ጠላ ቀመስሽ እንበል። ሀያውም የተቀዳው ከአንድ ጋን ነው። ስለ ጎንደር ጠላ ምን አወቅሽ?»

«ስለ ጎንደር ምንም። ስለዚያ ጋን ነው ያወቅሁት።»

«ከሀያ ቤት አንዳንድ ዋንጫ ብትቀምሺስ?»

አራት ወር የተገተርሁበት ነገር ያን ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ባንድ የቆጠራ ቦታ ያሉ እናቶች የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ አንድ ነው፣ ክረምት ሲሆን የሚዘጋባቸው መንገድ አንድ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ምክርም አንድ ነው። የተቀዱት ከአንድ ጋን ነው። ተራው ሪግሬሽን ግን እያንዳንዷን እናት ከሌላዋ የማትገናኝ አድርጎ ይቆጥራትና ያላወቀውን እንዳወቀ ሆኖ ይናገራል። ባለብዙ እርከኑ እናቲቱን በአንድ እርከን፣ ቦታዋን በሌላ እርከን ለይቶ ያያል።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ሄዱ። «ከ24 ቀበሌዎች 25 25 እናቶች ወሰድሽ እንበል፤ 600 ናቸው። ከጠቅላላው ልዩነት ቀበሌን ከቀበሌ የሚለየው ድርሻ 0.08 ይሁን። ከ25 አንድ ቀንሺ፣ በ0.08 አባዢ፣ አንድ ደምሪ።» 2.92 መጣ። «600ን በዚህ አካፍዪ።» 205 ገደማ ሆነ።

«የቀሩት 395 የት ሄዱ?» አልሁ፣ የምር ደንግጬ።

«ጋኑ ውስጥ ናቸው።»

በተለይ እንደ መንገድ ርቀት ያለ የቀበሌው ሰው ሁሉ የሚጋራው ነገር ሲጠና ይህ ስሌት ክፉኛ እንደሚቀጣ ያስረዱኝ ለብቻው አንድ ሙሉ ከሰዓት ወስደው ነው።

3.29ንም አገኘኋት። «በተቋም ወለደች፣ አልወለደችም» የሚል መልስ ከአዎና ከአይደለም ውጪ የሚያሳየው መለኪያ የለውም። ለእንዲህ ያለ መልስ የሚሠራው ሎጂስቲክ ሞዴል ግን ከመልሱ ሥር አንድ የማይታይ ዝንባሌ እንዳለ ያስባል፤ የዚያ ዝንባሌ የእናቶቹ የግል ልዩነት ደግሞ ቋሚ ነው፤ ፓይ በራሱ ተባዝቶ ለሦስት ሲካፈል 3.29 ይሆናል። የቦታውን ቫሪያንስ (ቦታን ከቦታ የሚለየውን የልዩነት መጠን)፣ እሱና 3.29 ተደምረው ለሚሰጡት ስናካፍለው የቦታው ድርሻ ይወጣል። የቦታው ቫሪያንስ ራሱ 3.29 ቢሆን ግማሹ ልዩነት የቦታው ነው ማለት ነው። ለዚህች አንድ አንቀጽ ነበር የሰው ፊት ያየሁት።

ሦስት እናቶች ብቻ የተገኙባትንና ሦስቱም ቤታቸው የወለዱባትን ቦታ ሞዴሉ ለምን ዜሮ እንደማይላት፣ ይልቁንም ወደ አማካዩ እንደሚያስጠጋት ስጠይቃቸው «አዲስ ጎረቤት አንድ ቀን ሰላም ሳይልሽ ቢያልፍ ባለጌ ነው ብለሽ ትደመድሚያለሽ?» አሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም ካላለ ግን ሌላ ነገር ነው። መረጃ በበዛ ቁጥር ሞዴሉ ቦታዋን ራሷን ያምናታል።

አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፍቶብን በበሩ ብርሃን ተቀምጠን ሮቢንሰን ስለሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ነገሩኝ። በ1950 በወጣ ጽሑፉ የ1930ን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ተጠቅሞ፣ በውጭ አገር የተወለዱ ሰዎች በበዙባቸው ግዛቶች ማንበብ የማይችለው ሰው እንደሚያንስ አሳየ፤ ዝምድናው ከዜሮ በታች 0.53 ነበር። ሰው በሰው ሲታይ ግን ወደ ሌላው ጎን ዞሮ 0.12 ሆነ፤ በውጭ አገር የተወለዱት ናቸው ይበልጥ ማንበብ የማይችሉት። መጤዎቹ የሰፈሩት የአገሬው ሰው በደንብ በተማረባቸው ግዛቶች ስለነበር ነው። እኔ ደግሞ በጽሑፌ ውስጥ «የተማሩ ሴቶች በበዙባቸው ቦታዎች በተቋም መውለድ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ የተማረች ሴት በተቋም ትወልዳለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ማታውን ሰርዤዋለሁ። ትምህርቷና የአካባቢዋ ትምህርት በሞዴሉ ውስጥ ለየብቻ መግባት እንዳለባቸው ያን ዕለት ገባኝ።

አሁን ጥቆማው። የኔታ ጽሑፍ አይሠሩላችሁም፤ ኪቦርዳችሁን እንኳን አይነኩም። ማስረከቢያው ሁለት ሳምንት የቀረውን ተማሪ አይቀበሉም፤ አንዱ እያለቀሰ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እንደ እኔ አስተያየት ግን ሊያዝኑለት ይገባ ነበር። ይቆጣሉ። ስልክ አያነሱም ማለት ይቻላል። የሚያስተምሩት አር በሚባለው በነጻ በሚገኝ የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ነው፤ ስታታ በሚባለው በሌላው ሶፍትዌር የለመዳችሁ መጀመሪያ ትቸገራላችሁ። በዳሰሳ ጥናቱ ጊዜ የነበሩትን አሥራ አንዱን ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ሦስተኛ እርከን ላድርጋቸው ብትሏቸው፣ ለቫሪያንስ ግምት ቁጥራቸው እንደሚያንስ የሚነግሯችሁ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው፤ እኔ ቀምሼዋለሁ።

ክፍያቸው ለስድስት ሳምንት ቅዳሜና እሁድ፣ ያ ሠንጠረዥ ብቻ ከወሰደብኝ ገንዘብ ያንሳል። ለመንግሥት ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ደግሞ ይቀንሳሉ፤ ሳትጠይቋቸው።

የኔታ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎት ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ጽሑፌን ስከላከል ፈታኙ ስለ 3.29 ጠየቁኝ። ጠመኔ ለመንኋቸውና ተነሥቼ ጋን ሳልሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እስከ በሩ እመራችኋለሁ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ላፕቶፑ እስከ ሦስተኛው ሳምንት አያስፈልጋችሁም።